ልጆቹ ልብ አጥተው አይደለም፣ ሰባት እንቅስቃሴ ባንዴ ስለማይያዝ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ባለፈው እትማችሁ የስፖርት አስተማሪ የሆኑ አንባቢ የላኩትን ጽሁፍ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳነብ እዛው መልስ መጻፍ አማረኝ። ሰውየው የሚሉት ባጭሩ፣ የዛሬ ልጆች ስድስት ሰባት እንቅስቃሴ ተከታትሎ ሲታያቸው ወዲያው መድገም አይችሉም፣ ምክንያቱ ስልክና ቲክቶክ ጭንቅላታቸውን ስለጨረሰው ነው፣ መፍትሄውም ጠበቅ ማድረግና ማርክ መቀነስ ነው። እኔ ደሞ ቅዳሜና እሁድ የሰፈር ልጆችን ውዝዋዜ የማሰለጥን ሰው ነኝ፣ ስራዬ ራሱ አሳይቶ ድገሙ ማለት ስለሆነ ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ስለ ስልኩ ክርክር የለኝም፣ ይጎዳል አይጎዳም ሌላ ወሬ ነው፣ ለሱ ሌላ ሰው ይጻፍ። የኔ ነገር አንድ ነው። ሰው አሁን ያየውን እንቅስቃሴ ለጥቂት ሰከንድ ይዞ የሚያቆይበት ቦታ ጠባብ ነው፣ የልጅም የአዋቂም፣ የጎበዝም የሰነፍም፣ ይሄ ደሞ ስልክ ኪሳችን ሳይገባ በፊት ጀምሮ ሲለካ የኖረ ነገር ነው። ስለዚህ ሰባት እንቅስቃሴ አንዴ አሳይቶ ልጁ አራተኛው ላይ ሲጠፋበት ልብ የለህም ማለት፣ በእፍኙ አንድ ቁና ጤፍ ያልያዘን ልጅ እጅህ ሰነፍ ነው እንደማለት ነው።

አዳራሽ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። አዲስ ነገር ሳሳይ፣ ለምሳሌ ሁለቴ ትከሻ፣ ከዛ አንገት፣ ወደ ግራ መዞር፣ በርከክ ማለት፣ መነሳት፣ እጅ ወገብ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ማጨብጨብ፣ ልጆቹ ትከሻውንና አንገቱን ጥሩ አድርገው ይመቱታል፣ ማጨብጨቡም አይጠፋቸውም፣ መሀሉ ላይ ግን ትርምስ ነው፣ አንዱ ይዞራል አንዱ ይበረከካል አንዷ ደሞ ጎረቤቷን እያየች ግማሽ ምት ዘግይታ ትከተላለች። ከሸዋ በር ሰፈርም ይምጡ ከሆጤ ሰፈር የሚጠፋው መሀሉ ነው። ይሄም የታወቀ ነገር ነው፣ ሰው የቃላት ዝርዝር ሰምቶ ሲደግም መጀመሪያና መጨረሻው ይቀሩለታል መሀሉ ይሳሳል፣ ተመራማሪዎች እንቅስቃሴ አሳይተው ሲያስደግሙም ተመሳሳይ ነገር ነው ያገኙት። ስልክ ቢሆን ምክንያቱ መሀል መሀሉን መርጦ ይበላ ነበር እንዴ?

ቁጥር ለሚፈልግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1956 ጆርጅ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው ባንዴ የሚይዘው ሰባት ገደማ ነገር ነው፣ ሁለት ቢጨምር ወይ ሁለት ቢቀንስ ነው ብሎ ጻፈ፣ ይቺ ሰባት ከዛ ወዲህ ስትጠቀስ ትኖራለች። በ2001 ደሞ ኔልሰን ካዋን የሚባለው፣ ሰው በሆዱ እንዳይደጋግምና አንዱን ካንዱ እንዳያያይዝ ከተደረገ ቁጥሩ ወደ አራት ነው የሚጠጋው ብሎ አወረደው። ይሄ ግን በብዛት ቃልና አሃዝ ምናምን ላይ የተሰራ ነው፣ ወደ እንቅስቃሴ ስትመጡ ይብሳል። ጀስቲን ውድ የሚባል ተመራማሪ በ2007 ባሳተመው ሥራ ሰዎች የሌላ ሰውን ድርጊት አይተው ስንቱን እንደሚይዙ ሲለካ ሁለት ወይ ሦስት ሆኖ አገኘው። ሁለት ወይ ሦስት፣ ያውም ለአዋቂ! እኛ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ሰባት ደርድረን እናሳይና ከዛ እንቆጣለን።

የተያዘችውም ብትሆን ቶሎ ነው የምትበነው። ሎይድና ማርጋሬት ፒተርሰን የሚባሉ ባልና ሚስት በ1959 ሰዎችን ሦስት ፊደል ይሰጡና ወዲያው ከአንድ ቁጥር ተነስታችሁ በሦስት በሦስት እየቀነሳችሁ ቁጠሩ ይሏቸዋል፣ በሆዳቸው እንዳይደጋግሙት ማለት ነው፣ 18 ሰከንድ አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው ጠፍቷል። ሦስት ፊደል ነው እኮ። አሁን እስቲ አስቡት፣ አሰልጣኙ አሳይቶ ጨርሶ፣ አንተ ጫማህን እሰር፣ አንቺ ወደ ኋላ፣ በሩን ዝጉት፣ ማነው የሚስቀው ሲል ግማሽ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሙዚቃውን ቢከፍተው ምን ይቀራል። አሳይቶ ወዲያው ማስደገም ነው እንጂ መሀሉ ላይ ወሬ አይገባም።

አሁን የምነግራችሁ ለኔ ከሁሉም የበለጠ የገረመኝ ነው። አለን ባድሊና ግራሃም ሂች የሚባሉ እንግሊዞች በ1974 ይሄ የአጭር ጊዜ ማስታወስ የምንለው አንድ ወጥ ነገር አይደለም ብለው ተነሱ፣ የሰማነውን ቃል በሆድ እየደጋገሙ የሚያቆይ አለ፣ ያየነውን ምስልና ቦታ የሚያቆይ ሌላ አለ፣ ሁለቱን የሚመራ ደሞ አለ። ቦታ የሚያቆየውን ለመለካት ፊሊፕ ኮርሲ የሚባል የካናዳ ተማሪ ለዶክትሬት ጥናቱ በ1972 ያወጣው ፈተና አለ፣ ዘጠኝ ትንንሽ ብሎኬት ሰሌዳ ላይ ተበትኖ ፈታኙ በጣቱ አንዱን ሌላውን ይነካል፣ ተፈታኙ በዛው ተራ ይነካል፣ ብዙ ሰው አምስት ስድስት ላይ ያቆማል። ታዲያ እንቅስቃሴም በዚሁ የቦታ መያዣ ነው የሚገባው ተብሎ ይታሰብ ነበር፣ እጅ ሲሄድ ከቦታ ቦታ ስለሆነ።

ሜሪ ስሚዝና ሊንዚ ፔንድልተን ግን በ1989 ባወጡት ሙከራ ለያዩት። ሰዎቹ አንዴ እንደ ኮርሲው የተነካ ቦታ በተራ ይይዛሉ፣ አንዴ ደሞ የእጅ ቅርጽ፣ ጭብጥ፣ ዘርጋ፣ ጣት ማውጣት ምናምን በተራ ይይዛሉ። እያዩ እያለ ግን እጃቸው ላይ ሌላ ስራ ተሰጣቸው። አንድ ነገር ጨበጥ ለቀቅ ሲያደርጉ የእጅ ቅርጹ ተራ ተበላሸባቸው፣ የቦታው ግን ደህና ነበር። ቦታ ቦታ እየቀያየሩ መንካት ሲሰሩ ደሞ በተቃራኒው ቦታው ተበላሸ፣ የእጅ ቅርጹ ምንም አልሆነም። ማለት ሰውነታችን ምን ቅርጽ እንደሚሰራ የሚያዝበትና እጃችን የት እንደሚደርስ የሚያዝበት አንድ ቦታ አይደሉም። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ብዙ አሰልጣኝ የሚያደርገው አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ፣ አዲስ እንቅስቃሴ እያሳዩ ልጆቹን እያያችሁ አጨብጭቡ ማለት፣ ሞቅ እንዲል ነው ሀሳቡ፣ ግን ልጁ እጅ አወጣጥ ሊይዝ ሲል እጁን በሌላ እንቅስቃሴ ስራ ማስያዝ ራሱን መያዣውን መዝጋት ነው። አዲስ ነገር ሲታይ እጅ ዝም ይበል፣ ጭብጨባው በኋላ ይደርሳል።

ወደ ሰውየው ልመለስና፣ ልጆቹ አይይዙም ያሏቸው እነዛው ልጆች እኮ ሰርግ ቤት ሲገቡ ሌላ ሰው ናቸው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ አምስት እንቅስቃሴ የጠፋበት ልጅ ሰርግ ላይ አንድ ጎረምሳ ረጅም እስክስታ መትቶ ሲያበቃ ፊቱ ቆሞ እሱኑ ይመልስለታል፣ ያውም ጨምሮበት። ጭንቅላቱ በመንገድ ላይ አደገ? አይደለም። እስክስታውን ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ሁለቴ ትከሻ አንገት ወረድ ብሎ መነሳት የሚለውን አራት ነገር ብሎ አይቆጥረውም፣ ለሱ አንድ ነው። አራት እንዲህ ያለ ቢይዝ ሲዘረዘር አስራ ስድስት ይሆናል።

ይሄም ተጠንቷል። ጃኔት ስታርክስና ጓደኞቿ ካናዳ ውስጥ በ1987 ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆኑ የባሌት ተማሪዎችን ወስደው ስምንት ስቴፕ ያለው ቅንብር አሳዩ፣ አንዳንዱ ባሌት ውስጥ ያለ ወግ ያለው ቅንብር፣ አንዳንዱ ያው ስቴፕ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ። የሰለጠኑት ልጆች በወጉ የተቀናበረውን ካልሰለጠኑት በጣም በልጠው ያዙ፣ የተዘበራረቀው ላይ ግን ብልጫቸው ጠፋ። ቼዝ ተጫዋቾች ላይ ቀደም ሲል የታየው ነገር ነው እዚህም የታየው፣ ጎበዙ ቼዝ ተጫዋች እውነተኛ ጨዋታ ላይ ያለ ሰሌዳ አንዴ አይቶ ይደረድረዋል፣ ጠጠሮቹ እንደመጣ ከተበተኑ ግን እንደኛው ነው። እኔም አዳራሽ ውስጥ ይሄንኑ አያለሁ፣ አምባሰል ወይ ባቲ ከፍቼ በለመዱት ምት ካሳየሁ ይይዛሉ፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ተራውን አዘበራርቄ ያለ ሙዚቃ ካሳየሁ ጎበዞቹ ራሳቸው ይወድቃሉ። በነገራችን ላይ ከከተማ ውጪ የሚመጡ ልጆች በዚህ ከደሴ ልጆች ይሻላሉ፣ ወላጆች ይሄን ስል አይወዱም፣ ግን እውነት ነው፣ ክረምት አያት ጋ የከረመ ልጅ ትከሻው ያስታውቃል።

አገራችን ደሞ ይሄን ነገር የማያውቅ አገር አይደለም። ለገና ላሊበላ የሄደ ሰው ቤዛ ኩሉ ሲባል አይቷል፣ ቤተ ማርያም ጋ ካህናቱ ግማሹ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው ቦታ ግማሹ ከታች ሆነው ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ጎንበስ ቀና ሲል አንዱ እንኳን ዘንበል አይልም። እንዴት ተያዘ ብላችሁ ብትጠይቁ አቋቋም፣ የቤተክርስቲያኑን የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት ማለት ነው፣ የተማረ ሰው ይነግራችኋል፣ ተማሪው ሲመጣ ዜማውን ቀድሞ በቃሉ ይዞታል፣ እንቅስቃሴው የሚመጣው ዜማው ላይ ነው። ደሞ ባንዴ አይመጣም፣ መጀመሪያ ቁሙ አለ፣ ከዛ በመቋሚያ የሚዘመመው ዝማሜ፣ ከዛ ከበሮና ጸናጽል ያለበት መረግድ፣ ከዛ ፈጠን የሚለው ጽፋት። ተማሪው በየደረጃው የሚጨምረው አዲስ ነገር ጥቂት ነው፣ የቀረውን ዜማው ይሸከምለታል። መሪጌቶቹ ይሄን ለመስራት ሚለርን አልጠበቁም።

ሶላትም እንዲሁ ነው። እኛ ወሎዎች አንዱ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለን ሁለቱንም እያየን ነው ያደግነው። ልጅ አባቱ ጎን ቆሞ ነው ሶላት የሚለምድ፣ መቆም፣ ሩኩዕ (ጎንበስ ማለት)፣ ቀና ማለት፣ ሱጁድ (ግንባርን መሬት ማስነካት)፣ መቀመጥ፣ ሁለተኛ ሱጁድ፣ ይሄ አንድ ረከዓ ይባላል፣ ከዛ ያው ነው የሚደገመው። አዲስ ነገር ሳይሆን የሚደገም ነገር ስለሆነ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። የሚጠፋው ምኑ ነው? ቁጥሩ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ነኝ ወይስ አራተኛው የሚለው፣ ያ ደሞ አዋቂውንም ሸሁንም ያጋጥማል፣ ሰውነት በልምድ ሲሄድ ሀሳብ ሌላ ቦታ ይሄዳልና። ታዲያ ለዚህ ቁጣ ሳይሆን ስርዓት ነው የተቀመጠለት፣ ሦስት ይሁን አራት የተጠራጠረ ሰው እርግጠኛ የሆነበትን ትንሹን ይዞ ይሞላል፣ ከዛ ለመርሳቱ ሁለት ሱጁድ ይወርዳል፣ ሱጁድ ሰህው የሚባለው ነው። ሰው እንደሚረሳ ከመጀመሪያው ታስቦበታል።

አንዳንድ ሰው ደሞ አሁን ያልያዘ ልጅ መቼም አይችልም ይላል፣ ይሄም ልክ አይደለም። ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፣ በ1953 ለሚጥል በሽታ ተብሎ አንጎሉ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ አቃተው፣ ያገኘውን ሰው ትንሽ ቆይቶ አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲስል አደረገችው፣ በሦስት ቀን ውስጥ እጁ እየተሻሻለ እየተሻሻለ ሄደ፣ እሱ ግን ይሄን ስራ ከዚህ በፊት ሰርቼው አላውቅም ነው የሚለው። እጅ በልምምድ የሚማረው ሌላ መንገድ አለው ማለት ነው። ዛሬ ሲታየው ያልያዘው ልጅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቢለማመድ ሊበልጥ ይችላል፣ ፈተና የሚፈትነው ግን የመጀመሪያዋን ቅጽበት ብቻ ከሆነ የመያዣውን ስፋት ነው እንጂ የልጁን ችሎታ አይለካም።

ስለዚህ ለስፖርት አስተማሪዎች በትህትና የምለው፣ ሁለት ወይ ሦስት እንቅስቃሴ አሳዩ፣ ወዲያው አስደግሙ፣ አንድ ላይ እስኪሄድ ደጋግሙት፣ ከዛ ሁለት ጨምሩ። መሀሉን ለብቻው አውጥታችሁ አሰሩት፣ የሚጠፋው እሱ ነውና። ተወዛዋዦች እንደሚያደርጉት ሙሉ ጉልበት ሳያወጡ በጣትና በእጅ ትንሽ ትንሽ እያሉ ያንኑ ተራ መሄድ ይልመዱ፣ ይሄን ሲያዩ ልጁ ሰነፈ ብላችሁ አትቆጡ፣ በ2013 የታተመ ጥናት ላይ ልምምዳቸውን እንደዛ ቀለል አድርገው የሰሩ ተወዛዋዦች ሙሉ በሙሉ እየጨፈሩ ከተለማመዱት ይልቅ በኋላ አሳምረው ሰርተውታል። ጭብጨባው ሌላ እንቅስቃሴ ስለሆነ ነው የሚረብሽ፣ ይሄ ግን ያው እንቅስቃሴ ነው በትንሹ።

ነገሩ የልጆች ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ትከሻቸው ደርቆ ፊዚዮቴራፒ ሄደው ነበር፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ባለሙያው ስድስት ሰባት ዓይነት እንቅስቃሴ ቆሞ አሳያቸውና ቤት ሆነው በቀን ሦስት ጊዜ ይስሩ ብሎ ሸኛቸው። ቤት ሲደርሱ የትኞቹን ያስታውሳሉ ስላቸው የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ሰሩልኝ፣ በመሀሉ ያለውን በገዛ እጃቸው የፈጠሩት ነበር፣ አንዱማ ሊጥ ማቡካት ነው የሚመስለው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለሙያው ለምን አልሰሩም ብሎ ተቆጣቸው። እሳቸውም አረጀሁ ጭንቅላቴ አልቋል ብለው አመኑ፣ ኧረ አብሽሩ እትዬ እኔም አልይዘውም ብላቸው ማን ይሰማኛል። በየቀጠሮው ሁለት ሁለት ቢሰጥ፣ እዛው ባለሙያው ፊት ታማሚዋ ራሷ ሰርታ ቢያይ፣ ልጃቸው ደሞ እሳቸው ሲሰሩ በስልክ ቪዲዮ ብትቀርጽ ምን ይጎድላል።

አንድ የቀረችኝ አለች። አሰልጣኝ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ ሲያሳይ የሱ ቀኝ ለነሱ ግራ ነው፣ ልጁ እሱን መገልበጥ ሌላ ስራ ይሆንበታል፣ ያቺ ጠባብ ቦታ በዚህ ትያዛለች። መስታወት ያለው ስቱዲዮ ላለው ችግር የለም፣ ቀበሌ አዳራሽ ግን መስታወት የለም። ዞር ብሎ በጀርባ ማሳየት ነው የሚሻለው፣ ሆኖም ሊያዩ የሚመጡ ሽማግሌዎች ፊት ጀርባ መስጠት ነውር ስለሚሆንብኝ እኔ የማደርገው ከፍ ያለችዋን ልጅ ፊት አቁሜ እሷ እንድታሳይ ነው፣ እኔ ከጎን እቆጥራለሁ።

የውዝዋዜ አሰልጣኝ፣ ከደሴ